ጀሪካኔ ባህር ማዶ ሄዶ ብርቱካናማ ሆነ፦ ሦስት የኦንላይን የስዕል ውድድሮችን ሞከርኩ

ነጥቡን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እስከ ታች እንደማትወርዱ አውቃለሁ። ለመጀመሪያው ውድድር ከ5 ኮከብ 2፣ ለሁለተኛው 1 (እሷም ስላሳቀኝ ነው)፣ ለሦስተኛው 4። የጋለሪዎቹን ስም አልጠራም። ሦስቱን በጠባያቸው ካወቃችኋቸው የቀሩትን ራሳችሁ ትለያላችሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ስቱዲዮዬ ሳሎኔ ነው፤ ሶፋውን ለእህቴ ሰጥቼ ሸራ አስገባሁበት። ጋለሪዎቹ ግን በሙሉ ወደ መሃል ናቸው። የኤግዚቢሽን መክፈቻ ማታ 12 ሰዓት ይባልና ሰው ተሰብስቦ ጨዋታው የሚሞቀው ወደ 2 ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከኩሬተሩ (ሥራ መርጦ ኤግዚቢሽኑን ከሚያዘጋጀው ሰው) ጋር እያወራሁ ልቤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ወሬ ጀምሬ አቋርጬ ሮጫለሁ። ስለዚህ «ሥራህን ከቤትህ ሆነህ አስገባ፣ ዓለም ያይልሃል» የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ሲመጣ ለከተማ ዳር ሰው የተሠራ ነው የመሰለኝ።

ደግሞ ጊዜውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢያናሌ፣ ጣሊያን በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ የራሷን ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ ቦታ) ስትከፍት፣ ሥራዎቹ የተስፋዬ ኡርጌሳ ነበሩ፤ ከአዲስ አበባው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተነስቶ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት የተማረው ሰዓሊ። ከዚያ በኋላ እኛ ሠፈር እንኳ ብሩሽ የያዘ ሁሉ ውጭ ውጭ ማለት ጀመረ። እኔም አንዱ ነኝ፣ አልዋሽም።

ካስገባኋቸው ዋናው ሥራ ይህ ነው፦ ውሃ በምትመጣበት ቀን ከብሎካችን ሥር የሚሰለፉት ቢጫ ጀሪካኖች። አክሪሊክ በሸራ፣ 120 በ90 ሴንቲሜትር። ሰው የለበትም። ጀሪካኖቹ ብቻ ባለቤቶቻቸውን ወክለው ቆመዋል፤ አንዱ ክዳኑ ላይ በላስቲክ ታስሯል፣ አንዱ እጀታው ላይ ሰማያዊ ክር አለው። ቢጫውን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ፀሐይ የበላው ጀሪካን ቢጫነቱ ከአዲሱ በጣም ይለያል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ውድድር አውሮፓ ያለ ጋለሪ ያዘጋጀው ነው። መመዝገቢያ ለአንድ ሥራ 25 ዩሮ፣ ለሦስት 60። እኔም እንደ ሞኝ ሦስት። ካርዴ ውጭ ስለማይከፍል ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዩሮ በብር ማሰብ ራሱ ያማል፤ ያኔ ሳሰላው ከ8 ሺህ ብር በላይ ሆነ። የሁለት ወር ቀለሜ ማለት ነው። ልጅቷ «ተወው፣ ስጦታ ነው» አለችኝ፤ ግን ስጦታ ሲሆን ደግሞ ማሸነፍ ግዴታ ይመስላል።

ፎቶው ላይ ተበላሸ። ማታ በሳሎን አምፖል፣ በስልክ አነሳሁት። ስልክ ደግሞ ከእኔ በላይ ሰዓሊ ነኝ ይላል፤ ጥላውን ያበራል፣ ጠርዙን ያጎላል፣ ቀለሙን «ያሳምራል»። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ የደበዘዘ ቢጫ እዚያ ገጽ ላይ ሲወጣ ብርቱካናማ! የሚሪንዳ ሳጥን ነው የሚመስለው። የአክስቴ ልጅ አይታ «ብርቱካናማውን ወድጄዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ፤ ምን ልበላት?

ያም ሳያንስ ፎርሙ ላይ ልኬት ስሞላ 120 በ90 ብዬ ጻፍኩ። ለካ ኢንች ነው የሚጠይቀው። ቨርቹዋል ኤግዚቢሽን የሚሉት፣ በስልክ ገብታችሁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የምትንሸራሸሩበት ነገር አላቸው (ዳታ እንዴት እንደሚበላ አትጠይቁኝ)። ስገባ ሥራዬ ከሦስት ሜትር በላይ ሆኖ አንድ ግድግዳ ሞልቷል፤ አጠገቡ ያለው የሌላ ሰው ስዕል እንደ ቴምብር ተለጥፏል። ትንሽ አፈርኩ። ትንሽም ደስ አለኝ።

ውጤት? «ፋይናሊስት» ተባልኩ፣ ለመጨረሻው ዙር ያለፈ ማለት ነው። ዘለልኩ፣ ለእናቴ ደወልኩ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ስቆጥር ፋይናሊስቱ ከ200 በላይ ነው። በሳምንቱ ኢሜይል መጣ፦ ሥራዎ በታተመው ካታሎግ አንድ ገጽ እንዲያገኝ ይህን ያህል ዩሮ ይክፈሉ። ሌላ ሳምንት ሌላ ኢሜይል፣ በቅናሽ። እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። የጋለሪው ደንበኛ ሥራ ገዢው ሳይሆን እኔ ነኝ። ስዕል ሸጦ ኮሚሽን ከሚያገኝ ይልቅ ተስፋ ሸጦ መመዝገቢያ ቢሰበስብ ይቀለዋል።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ለንደን ያለው ሮያል አካዳሚ የበጋ ኤግዚቢሽኑን እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ሳያቋርጥ በየዓመቱ ያካሂዳል፣ ማንም ማስገባት ይችላል፣ ለእያንዳንዱ ሥራም ያስከፍላል። መጀመሪያ በፎቶ ይለያሉ፤ ከዚያ ግን ያለፈው ሥራ ራሱ ተወስዶ ፊታቸው ይቀርባል፣ በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የእኔው ውድድር ላይ ሥራውን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። ዳኛው ያየው የሳሎኔን አምፖል ነው።

እስኪ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሄዳችሁ የኤልያስ ስሜን ሥራ ከቅርብ እዩት። ከመርካቶ የተሰበሰበ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ የተገመደ፣ የተደራረበ። ወደ ግራ ስትራመዱ ሌላ ነው፣ ወደ ቀኝ ሌላ። ይህን በ5 ሜጋባይት ፎቶ ጨምቁትና ላኩ ቢባል ምን ይቀራል? ምንጣፍ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በእነዚህ ውድድሮች የሚያልፈው ጠፍጣፋ፣ ደማቅ፣ በስልክ መጠን የሚነበብ ሥራ ነው። ጓደኛዬ በጭቃና በጭድ ነው የሚሠራው፤ አምስት ጊዜ ሞክሮ አንድም ጊዜ አላለፈም። እሱን ሳይ የእኔን ዕድል ማማረር አፍራለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ መመዝገቢያ ነጻ ነው፣ አሸናፊውን ግን የሚመርጠው ሕዝብ በድምፅ ነው። ሕዝብ ማለት ዘመድ ማለት ነው። ሊንኩን መጀመሪያ ለአብሮ አደጎቼ ላኩ፣ ከዚያ ለቤተ ዘመድ ቴሌግራም፣ ከዚያ ለብሎካችን ኮሚቴ፣ በመጨረሻ ይሉኝታዬን ሽጬ የእድራችን ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ከላዩ የቀብር ሰዓት ማስታወቂያ አለ፣ ከሥሩ የእኔ «እባካችሁ ድምፅ ስጡኝ»። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ደውለው «ልጄ፣ ምርጫ ነው እንዴ? የቀበሌ ነው?» አሉኝ። አክስቴ ደግሞ በሙሉ ልቧ ድምፅ ሰጠችና ለማን ብትሰጥ ጥሩ ነው? ከእኔ ቀጥሎ ላለው ድመት። የድመት ስዕል ነው፣ የሌላ አገር ሰው የሠራው። «አምሮበታል ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ያንተ መስሎኝ» አለች። እውነቱን ለመናገር ድመቱ ያምራል።

ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው፤ ገጹ ላይ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው። ለዚያ ሰው ክፋት የለኝም። ግን ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ታይነት ምን ያደርግለታል? ቀድሞውንም እየታየ ነው። ውድድሩ የሠራው ነገር ቢኖር የሁላችንን ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ የጋለሪውን ገጽ ማስጎብኘት ነው። ማንን ለማን እንዳስተዋወቀ አስቡት። አንድ ኮከብ፣ ለድመቱ።

ሦስተኛው ላይ ለመሳተፍ አልፈለግኩም ነበር፣ ሁለቱ አንገፍግፈውኛል። ጋለሪው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ጥሪውን ያየሁት በጓደኛ በኩል ነው። ክፍያ የለም። የዳኞቹ ስም ከነሥራ ታሪካቸው ተጽፏል። ፎርሙ አጭር ነው፣ ልኬት በሴንቲሜትር ይላል (ደስ አይልም?)። ዋናው ግን አንድ ሥራ ሳይሆን አምስት ነው የሚጠይቀው፤ ከአምስቱ ውስጥ አንድ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ፣ አንድ ደግሞ ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው አጠገቡ ቆሞ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ስዕል ምን እንደሆነ ያውቃል አልኩ።

በዚህኛው ፎቶውን በወጉ አነሳሁት። ደመና ያለበት ቀን ጠብቄ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሸራውን አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ አቆምኩ። በደመና ቀን ብርሃኑ እኩል ነው፣ ሸራው አያብረቀርቅም፣ ቢጫውም ቢጫ ይሆናል። አጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጬ ስልኩን በዚያ ነጭ አስተካከልኩ። ዙም አላደረግኩም፤ የስልኩን «ማሳመሪያ» ሁሉ አጠፋሁ። ካሜራ አልተከራየሁም፣ አንድ ብር አላወጣሁም። ይህን ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የአክስቴ ልጅ 60 ዩሮ ጫማ ትገዛበት ነበር።

ታዲያ ኮሪደር ላይ ሳነሳ የአንደኛ ፎቋ እትዬ ከገበያ ሲመለሱ ደረሱብኝ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ስዕሉን አዩት። አንደኛ ፎቅ እየኖሩ አራተኛ ምን አመጣቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ጨው ሊሰጡኝ ነበር የመጡት። ዝም ብለው ቆዩና «ይቺ የኔ ናት» አሉ፤ ጣታቸው ሰማያዊ ክር ያለባት ላይ ነው። እውነትም የእሳቸው ናት። ወደ 15 ደቂቃ ቆመው የቀሩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ይቺ የሁለተኛ ፎቁ ሹፌር፣ ይቺ የዚያች ነርስ፣ ይቺኛዋ ሰልፍ የምትሻማው። ስሠራ እኔ ራሴ የማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። የአጠገቡ ሰው በሚለው ፎቶ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ከነዘንቢላቸው።

ማስገቢያው እስከ 23፡59 ነው፣ በለንደን ሰዓት። ይህን የሚያህል ወጥመድ አታገኙም። ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ እነሱ ጋ ብርድ ሲሆን የእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው፣ ሙቀት ሲሆንባቸው 7፡59። እኔ ሌሊቱ አለልኝ ብዬ ስቀመጥ ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የስልኬ ባትሪ 19 በመቶ። አምስቱን ፎቶ አንድ በአንድ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በስልክ ዳታ ላክኳቸው። የመጨረሻው ሲያልፍ 4 በመቶ ቀርቶኝ ነበር።

አላሸነፍኩም። ግን ከዳኞቹ አንዷ ሁለት አንቀጽ ጻፈችልኝ፤ የቱ ሥራ እንደሚከብድ፣ የቱ እንደሚላላ፣ ስም ጠርታ። ሥዕል ከጀመርኩ ወዲህ የማላውቀው ሰው በእኔ ሥራ ላይ ሁለት አንቀጽ ሲጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በቪዲዮ 20 ደቂቃ አወራን፣ ሁለት ሥራ በገጻቸው ላይ ለአንድ ወር አወጡልኝ፣ አንዱ ተሸጠ። ጀሪካኑ አይደለም፣ ሌላኛው። 40 በመቶ ወሰዱ። ይህ የተለመደ ነው፣ ጋለሪ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይወስዳል፤ ቢያንስ እኔ ሳገኝ ነው የሚያገኙት።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በመላኪያው ነው። ሸራውን ከፍሬሙ አውልቄ፣ ጠቅልዬ የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ከተትኩት። ከቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሥራው ቅርስ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ቱቦ ተሸክሜ ተመላለስኩ፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የቱቦውንም ሒሳብ ጠየቀኝ። ስለዚህ ሁሉ ጋለሪው አንድ መስመር አልጻፈም፣ የመላኪያውም ወጪ በእኔ ነው። ገንዘቡም በፔይፓል ይላክ ብለው ነበር፤ እኛ ጋ በፔይፓል መቀበል እንደማይሠራ አስረድቼ በባንክ እስኪልኩልኝ አንድ ወር ሄደ።

ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ደንቡን እስከ ታች አንብቡት። የመጀመሪያው ውድድር ደንብ ውስጥ ያስገባሁትን ምስል ያለ ጊዜ ገደብና ያለ ክፍያ ለፈለጉት ነገር እንዲጠቀሙበት መፍቀዴ ተጽፎ ነበር፤ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። በእኛው አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራዬ መብት በሕይወቴ ሙሉና ከሞትኩ በኋላ እስከ 50 ዓመት የእኔና የወራሾቼ ነው። እኔ ግን በአንዲት የ«እስማማለሁ» ሳጥን ሰጠሁት። ለውድድሩ ማስታወቂያ ብቻ ካለ ችግር የለም። «ለማንኛውም ዓላማ» ካለ ዝጉት።

የሚቀጥለውን ጥሪ ልሞክር ነው፣ ነጻውን ብቻ። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ እትዬ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጀሪካኔ አሸነፈች ወይ?»

«አላሸነፈችም እትዬ፣ ግን ብዙ አገር ሄዳ ታየች» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ባዶዋን?» አሉኝ።