ራይዘን 5 2600ን በአዳማ ሙቀት ኦቨርክሎክ አድርጌ አስር ወር ሠራሁበት

የኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ያደረግኩት፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ያስኬድኩት፣ ባለፈው ነሐሴ ነው። ዝናቡ አላቋረጠም፣ ክፍሌም ቀዝቀዝ ብላለች። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳት ቴርሞሜትር 23 ዲግሪ ታሳያለች። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት ማስተካከያ ገጽ) ገብቼ ፍጥነቱን 4.0 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁን 1.35 አደረግኩ። ሲኔቤንች የተባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም አስር ደቂቃ አስኬድኩት። ፕሮሰሰሩ 76 ዲግሪ ላይ ረጋ፣ ኮምፒውተሩም ምንም አላለም። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያ የነሐሴ ፈተና ምን ያህል እንደሸወደኝ የገባኝ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል አለችኝ። ፕሮሰሰሩን የገዛሁት ያገለገለ ነው። በ2018 የወጣ፣ ስድስት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ያለው ራይዘን 5 2600። መነሻ ፍጥነቱ 3.4፣ ከፍተኛው 3.9 ጊጋኸርዝ ነው። 3.9ን የሚነካው ግን ሥራው ቀላል ሲሆን ነው። ስድስቱም ኮር ሲጫኑ የእኔው 3.7 ላይ ይቆማል። ኤክስፖርት የማደርገው (ያለቀውን ፊልም ወደ ፋይል የማወጣው) በሶፍትዌር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ብቻ፣ ስለሆነ ስድስቱም ኮር ሁሌም ይጫናሉ። በግራፊክስ ካርዱ ቢሆን ይፈጥናል፤ ግን የእኔ ካርድ አሮጌ ነው፣ የቬሎውን ጥልፍ ያደበዝዝብኛል። ሙሽራ ቬሎዋን አጥርታ ማየት ትፈልጋለች፣ ልክም ናት።

ለመሞከር የምታስቡ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ የተሰካበትን ማዘርቦርድ እዩ። የእኔ ቢ450 ነው፣ ይፈቅዳል። ኤ320 አይፈቅድም። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩለርም (ማቀዝቀዣ) ለዚህ አይበቃም። ሞክሬው ሙቀቱ ቶሎ 90ን ሲያልፍ አጠፋሁት። ከዚያ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን፣ አራት የመዳብ ቱቦ ያለው ረጅም ኩለር ገዛሁ። ከገንዘቤ ሁሉ ጥሩ ቦታ የዋለው ይሄ ነው።

ያገኘሁት ምንድን ነው? የሁለት ሰዓት የሰርግ ፊልም ኤክስፖርት ለማድረግ አንድ ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በ4.0 ወደ አንድ ሰዓት ከ25 ወረደ። ሰባት ደቂቃ። በጥር የሰርግ ግርግር በቀን ሦስት ፊልም ሳወጣ ለውጡ ይታወቀኝ ነበር። ጥር ላይ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ አንድም ቀን አልተበላሸብኝም።

ጾሙ ተፈታና ሰርጉ ጎረፈ። አዳማም ጋለች። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ክፍሌ 34 ዲግሪ ትገባለች። አንድ ቀን ለቅልቅል የሚታይ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ 80 በመቶ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። እንደገና ጀመርኩት። እንደገና ጠፋ። የሙሽራው እናት ደወሉ፤ «ልጄ፣ ደረሰልን ወይ?» አሉኝ። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ እያለቀ ነው» አልኳቸው። ኦቨርክሎኩን አጥፍቼ በመጀመሪያው ፍጥነት አስኬድኩት። ቪዲዮው የደረሰው እንግዳው ምሳ በልቶ ከተነሳ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አብሮ ሊያየው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ ቁጭ ብዬ ኤችደብልዩኢንፎ የተባለው የሙቀት መከታተያ ፕሮግራም የመዘገበውን አየሁ። ከፍተኛው 91 ዲግሪ ነበር። የዚህ ፕሮሰሰር ገደብ 95 ስለሆነ አላለፈም። ታዲያ ለምን ጠፋ? በ76 ዲግሪ የበቃው ቮልቴጅ በ91 ላይበቃ ይችላል። ቺፑ ሲግል ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ የበለጠ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ቮልቴጅ ስትጨምሩለት ደግሞ ይብሱን ይግላል።

ከዚያ ወዲህ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ለብቻው አላነብም፤ የክፍሉን እቀንስበታለሁ። ነሐሴ ላይ 76 ሲቀነስ 23፣ 53 ዲግሪ። ፋኑና ቅንብሩ ካልተለወጡ ይህ ልዩነት ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ በ34 ዲግሪ ክፍል 87 መሆን ነበረበት። እኔ ያየሁት 91 ነው። አራቱ ዲግሪ ከየት መጣ? ከአቧራ! የአዳማ ነፋስ አቧራውን በኩለሩ ክንፎች መሃል እንደ ጥጥ ጠቅጥቆት አገኘሁት። ስጠርገው ወደ 87 ወረደ። አሁን በየወሩ እጠርገዋለሁ። ሌላም አለ፤ አዳማ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ሰዎች በዩቲዩብ የሚያሳዩትን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ።

ኩለሩን ስትነቅሉ ግን ተጠንቀቁ! ቀጥ አድርጌ ሳብኩት፣ ፕሮሰሰሩም ተርማል ፔስቱ (በሁለቱ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይዞት አብሮ ተነቅሎ ወጣ። ሁለት እግሮቹ ተጣመሙ። በመርፌ ቀስ እያልኩ ሳቃናቸው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ ፔስቱ ይለስልስ። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት።

አሁን ያለሁት በ3.9 ጊጋኸርዝና በ1.25 ቮልት ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ሒሳቡን ስሠራው ከ4.0 ወደ 3.9 ጊጋኸርዝ፣ ከ1.35 ወደ 1.25 ቮልት መውረዴ የኃይሉን 16 በመቶ ቀነሰልኝ። ልዩነቱም ከ53 ወደ 44 ዲግሪ ወረደ። ኤክስፖርቱ አንድ ሰዓት ከ27 ደቂቃ ሆነ። ለሁለት ደቂቃ ብዬ ዘጠኝ ዲግሪ ተሸክሜ ነበር ማለት ነው። ፋኑም ጸጥ አለ፣ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱም ትንሽ ይቆይልኛል።

ፈተናውንም ለውጫለሁ። አሁን የምፈትነው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ክፍሉ በጋለበት፣ በእውነተኛ ፊልም፣ ሙሉ ኤክስፖርት አድርጌ ነው። ፕራይም 95 የተባለው መፈተኛ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ከሥራዬ በላይ ስለሚያስጨንቀው አንዴ ብቻ ተጠቀምኩበት። አንድ ጓደኛዬ በራይዘን 7 2700ኤክስ የሙቀቱ ቁጥር አስደንግጦት ደውሎልኝ ነበር። ያ ሞዴል ለፋኑ ቁጥጥር ሲባል 10 ዲግሪ ጨምሮ የሚያሳይ ንባብ አለው። የትኛውን መስመር እንደምታነቡ እዩ።

2600 ያላችሁና ኩለር መግዛት የምትችሉ፣ ሞክሩት እላለሁ። ራይዘን 5 3600 ካላችሁ ግን አትድከሙ፤ ስድስቱም ኮር ሲጫኑ በራሱ 4.0 አካባቢ ይሄዳል፣ በእጅ የምትጨምሩለት ኢምንት ነው። ዋስትና ያለው አዲስ ዕቃ ከሆነ ደግሞ በኦቨርክሎክ የመጣ ጉዳት በዋስትናው እንደማይሸፈን አስቡበት።

ይህን ስጽፍ ሰኔ ገብቷል፣ ክፍሏ 32 ዲግሪ ናት። ከጎኔ የአንድ ሰርግ ፊልም ኤክስፖርት እየሆነ ነው፣ ፕሮሰሰሩም 76 ላይ ነው።