ላንቫይርፑል፦ ሰሌዳውን ብቻ አይተው አይመለሱ

በሰሜን ዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ጠርዝ ያለችው ይህች መንደር ዓለም የሚያውቃት በስሟ ነው፤ ላንቫይርፑልግውንግልጎጌርእኽውርንድሮቡልላንትሲልዮጎጎጎኽ። በአንድ ቃል ከሚጻፉ የአውሮፓ የቦታ ስሞች ይህን የሚያህል የለም። አስጎብኚ አውቶቡሶች የባቡር ጣቢያው በር ላይ ሰዉን ያራግፋሉ፤ ሰዉ ረጅሙ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ፎቶ ይነሳል፣ አጠገቡ ካለው የሹራብና የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ገብቶ ይወጣል፣ በቃ። በዚህ መልክ ለሚያያት ከአምስት ሁለት ይበቃታል። በእግሩ ወደ ባሕሩ ለሚወርድ ግን አራት ይገባታል።

ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው። መንደሯ ድሮ ላንቫይር ፑልግውንግል ብቻ ነበረች፤ ጅራቱ የተቀጠለላት በ1860ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)፣ የባቡር መንገደኛ ወርዶ እንዲያያት ነው። ይኸው እስካሁን ይወርዳል። «ላን» ቤተ ክርስቲያን፣ «ቫይር» ማርያም ነው፤ በኛ አነጋገር ማርያም ሰፈር ማለት ነው። «ፑል» ጎድጓዳ፣ «ግውን» ነጭ፣ «ግል» የሐዘል ዛፍ። ቀጥሎ «ጎጌር» አጠገብ፣ «እኽውርን ድሮቡል» ኃይለኛው የውኃ አዙሪት፣ ከዚያ የቅዱስ ትሲልዮ ቤተ ክርስቲያን፣ «ጎጎጎኽ» ደግሞ ቀይ ዋሻ። አዙሪቱ ፈጠራ አይደለም፤ ደሴቲቱን ከዋናው ምድር በሚለየው ጠባብ ባሕር፣ በሜናይ ሰርጥ፣ ባሕሩ ከሁለቱም ጫፍ በተለያየ ሰዓት ስለሚሞላ፣ ሰርጡን በሚሻገሩት ሁለት ድልድዮች መካከል ድንጋዮቹን እየዞረ ሲናጥ ይታያል።

ሰሌዳው ላይ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፈውን የንባብ መመሪያ አይመኑት፤ «ኽውርን»ን «ክዊርን» ያሰኛል። አማርኛ አንባቢ ከዚያ ይሻላል። ኽ አለን፤ በሰሜን ዌልስ አነጋገር «ግል» ውስጥ ያለው ድምፅም የኛው ሳድስ ነው። የሚያስቸግረው በሁለት ኤል የሚጻፈው ድምፅ ነው፦ ምላስን «ል» እንደሚሉ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ አሳርፎ፣ ጉሮሮን ዝም አሰኝቶ፣ ትንፋሽን በምላስ ጎን መንፋት። በስሙ ውስጥ 5 ጊዜ ይመጣል፤ ትሲልዮ ውስጥ ያለችው ግን ተራ ል ናት። ስሙ በላቲን ፊደል ሲቆጠር 58 ነው፤ ዌልሾች እንዲህ ያለውን ጥንድ እንደ አንድ ፊደል ስለሚቆጥሩ 51 ይሉታል።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ትኬት ሲቆርጡ ረጅሙን ስም አይጻፉ፤ ጣቢያው «ላንቫይርፑል» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ወደ ወደብ ከተማዋ ሆሊሄድ ሲሄዱ፣ በዋናው ምድር ካለችው ባንጎር ቀጣዩ ነው። ሁሉም ባቡር እዚህ አይቆምም፤ የሚቆመውም ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ገና ባንጎር ሳሉ ለትኬት ተቆጣጣሪው ይንገሩ፤ መድረኩ አጭር ስለሆነ በየትኛው በር እንደሚወረድም ይጠይቁ። ሲመለሱ ለነጂው እጅ ማሳየት ያስፈልጋል። ስልኩን እያየ የሚጠብቅ ሰው ባቡሩ በፊቱ ያልፈዋል።

ጣቢያው ራሱ ሞቶ የተነሳ ነው። በ1848 ተከፈተ፣ በ1966 ተዘጋ። በግንቦት 1970 ልጆች ችቦ ይዘው ብሪታኒያ ድልድይ ውስጥ ገብተው ድልድዩ ተቃጠለ፤ መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን በ1850 የጨረሰው የብረት ቱቦ በሙቀቱ ጎበጠ። ደሴቲቱ ከዋናው ምድር በባቡር ስትቆረጥ የተዘጋው ጣቢያ ለሆሊሄድ ባቡር መነሻ ሆነ። በ1972 ድልድዩ ሲጠገን እንደገና ዘጉት፤ በ1973 ግን ከፈቱት፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዛሬው ድልድይ በብረት ቅስት ላይ ነው፤ ከጥንቱ የቀሩት የድንጋይ ማማዎቹና 4 አንበሶቹ ናቸው። አንበሶቹ በባቡሩ ሐዲድ ከፍታ ስለተቀመጡ ላይኛው መንገድ ላይ በመኪና የሚያልፍ አያያቸውም፤ ከታች በእግር መምጣት ግድ ነው።

በዋናው መንገድ ዳር ያለውን የኬላ ቤት እንዳያልፉት። መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ ከሠራው የሆሊሄድ መንገድ የቀረ ነው፤ እስከ 1895 ቀረጥ ተሰብስቦበታል። የዋጋው ሰሌዳ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ቆመው ያንብቡት፣ ሰረገላውና የጋማ ከብቱ እየተለየ ተተምኗል። በብሪታንያ የመጀመሪያው የሴቶች ኢንስቲትዩት (የሴቶች ማኅበር) ስብሰባ የተደረገውም በዚህች መንደር ነው፤ በሴፕቴምበር 1915፣ ከካናዳ በመጣ ሐሳብ። ከጣቢያው ሰሌዳ ይልቅ ይህ ፎቶ ይገባው ነበር።

በሰርጡ ዳር ስሟን የሰጠችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ግቢዋ ውስጥ ድልድዩን ሲሠሩ ለሞቱ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ አለ። መንገዱ ከዝናብ በኋላ ጭቃ ነው፣ ስስ ጫማ አይሆንም፤ በባሕሩ ዳር ለመቀጠል ያሰበም ውኃው የሚጎድልበትን ሰዓት አስቀድሞ ይይ። በዋተርሉ ጦርነት እግሩን ላጣው መኳንንት፣ ለአንግልሲ ማርክዊስ፣ በ1817 የቆመው ዓምድ 115 ደረጃ አለው፤ በእድሳት ምክንያት ለዓመታት ተዘግቶ ስለነበር፣ ከመነሳትዎ በፊት ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።