ተጣጣፊዋ መልሕቅ ከሰባት ወር በኋላ

አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝነውንና አራት ጣቶቿ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉትን ይህችን የብረት መልሕቅ የገዛሁት በሚያዝያ ወር ሲሆን፣ እስከ ጥቅምት ድረስ በሜሪላንድ፣ ከአናፖሊስ በስተደቡብ ባለው ዌስት ሪቨር፣ 4.8 ሜትር በምትረዝመው ባለሸራ ጀልባዬ በዌይፈረር ላይ ይዣት ቆይቻለሁ። እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከልጄ ጋር ሸራውን አውርደን ምሳ ልንበላ ቆመን ነበር። መልሕቅ በጣልኩ ቁጥር እንደማደርገው፣ በጎናችን ባለው ዳርቻ ላይ የቆመን አንድ የእንጨት ምሰሶ ከኋላው ካለ ዛፍ ጋር አሰልፌ ምልክት ያዝኩ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ጀልባዋ እየተንሸራተተች ነው ማለት ነው። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ከነጎድጓዱ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ እንደ መታን፣ ዛፉ ከምሰሶው ተለይቶ መራቅ ጀመረ። ልጄ «አባዬ፣ ድንጋዮቹ እየቀረቡ ነው» አለችኝ። ዳርቻው እንዳይሸረሸር የተደረደሩት ትልልቅ ድንጋዮች ከኋላችን ነበሩ። እሷ መቅዘፊያውን ስትይዝ እኔ ገመዱን ሳብኩ፤ ሳይከብደኝም ወጣች። አራቱም ጣቶቿ ተሰብስበው ከዘንጉ ጋር ተጣብቀዋል። ጣቶቹን ዘርግቶ መያዝ የነበረበት ቀለበት ከቦታው ተንሸራትቶ፣ በእሱና በዘንጉ መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የውሃ እንስሳ) ቅርፊት ስባሪ ተሰንቅራለች። ከድንጋዮቹ የተረፍነው በመቅዘፊያ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የገመድ ማነስ ነው የሚል ይኖራል። ከመልሕቋ ጋር በከረጢት የመጣው ገመድ 7.5 ሜትር ብቻ ስለነበር፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በ30 ሜትር ናይለን ለውጬው፣ መልሕቋ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እንድትሳብ 2 ሜትር ሰንሰለትም ጨምሬበት ነበር። በዚያ ቀን ከውሃው ሥር ካለው መሬት እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ሲሆን የለቀቅኩት ገመድ 18 ሜትር፣ ማለትም ስድስት እጥፍ ነው። ወርውሬም አልጣልኳትም፤ ገመዱ ጣቶቿ ላይ እንዳይጠመጠም ቀስ ብዬ አውርጃት፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ገመዱን በጥቂት በጥቂቱ ለቅቄያለሁ።

«ለትንሽ ጀልባ ከዚህች የተሻለ የለም» ላሉኝ ሻጭ መልስ አለኝ። ጌታዬ፣ ለማስቀመጥ ነው ወይስ ለመያዝ? እንዲህ ያለች መልሕቅ ድንጋይ ውስጥ ስትሰነቀር ትይዝ ይሆናል፤ የእኛ ውሃ ወለል ግን ለስላሳ ጭቃ ነው፣ ቀጫጭን ጣቶቿም እንደ ማበጠሪያ ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ለገዢው ሳይናገር መሸጥ አልነበረበትም።

ለማስቀመጥ መመቸቷን አልክድም። ታጥፋ በከረጢቷ ከፊተኛው መሸፈኛ ሥር ስትገባ ጀልባውን አትቧጭር፣ እግር አትይዝ። በዚሁ ምቾት ተታልዬ ነው አራት ወር ሙሉ በልበ ሙሉነት የተጠቀምኩባት፤ በጸጥታው ቀን ሁሉ የያዘን መልሕቋ ሳትሆን የነፋሱ አለመኖር መሆኑን ያወቅሁት በነሐሴ ነው።

አሁን ያለኝ፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ የፈለሰፈው ዓይነት፣ ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ምላሶች ያሉት መልሕቅ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ወደ ዳርቻ ያወርዱ የነበሩ ጀልባዎችም ይህንኑ ዓይነት ይዘው ነበር። ምላሶቹ ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ በተሳቡ መጠን ይጠልቃሉ። ለማስቀመጥ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ጣት ይቆነጥጣል፣ ማዕዘኑም ልብስ ይይዛል። ከብዙ ሙከራ በኋላ በጀልባዋ መሃል ወደ ውሃ ከሚወርደው ሰሌዳ ማቀፊያ ጎን ጠፍጣፋውን አስተኝቼ በሁለት ላስቲክ አሰርኩት፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንኳ ከዚያ አይነቃነቅም። ገመዱን በባልዲ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሳልጠቀልል እከምረዋለሁ፣ መጨረሻውንም ከወደብ ሳልወጣ ከሸራው ምሰሶ ጋር አስረዋለሁ።

አንድ ሰው አሮጌዋን ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር። ልጁን ይዞ እንደሚወጣ ስለማውቅ አልሸጥኩለትም።

በጥቅምት ወር በዚያው ቦታ፣ በብርቱ ነፋስ፣ አዲሱን ጥለን ሁለት ሰዓት ቆየን፤ ዛፉና ምሰሶው አልተላቀቁም። ልጄ ግን ምሳዋን የበላችው ዓይኗን ከዛፉ ሳትነቅል ነበር።