ቱርቦ ያለው ወይስ የሌለው? ለሳቢያኑ መካኒካችን የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ለማመስገንና መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ ስለ ሥራቸው እንዳልናገር ግን አልከለከሉኝም። ሙያውን የጀመሩት በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ምንም ዕቃ ሊሸጡልን ሳይሞክሩ፣ የጠየቅኳቸውን ሁሉ ኮፈን ከፍተው በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ሴት ልጅ ጋራዥ ገብታ ስትጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ለባሏ ነው የሚሰጠው። እሳቸው ግን ለጠየቅኩት ለእኔው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር የሚመልሱት። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ልጆቻችንንና አማቴን ይዘን የምንንቀሳቀስበት፣ ከመሬት ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ስንፈልግ ቆይተናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያለው አማራጭ እዚሁ ሲነዱ ከቆዩት መካከል ማማረጥ ነው። ሁለት ሱዙኪ ቪታራዎች ቀረቡልን፤ መልካቸው አንድ፣ ሞተራቸው ለየቅል። አንደኛው ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) የሌለው 1.6 ሊትር ሆኖ 120 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሁለተኛው 1.4 ሊትር ብቻ ሆኖ በቱርቦ ታግዞ 140 ይሰጣል። ደላላው «ቱርቦውን ትታችሁ ሌላ ታያላችሁ እንዴ?» ይለናል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ቱርቦ የሚባል ነገር ደጃችሁ እንዳይደርስ» ብሎ ያስፈራራናል። ለምን ሲባሉ ግን ሁለቱም መልስ የላቸውም።

መካኒኩ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄ አበዙ። መኪናውን የሚነዳው ማነው? ሐረር በየስንት ጊዜው ትወጣላችሁ? አዲስ አበባስ? አብዛኛውን ቀን መኪናው የሚውለው የት ነው? አብዛኛው መንገዳችን ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ትምህርት ቤት መሆኑን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሐረር እናቴን ለመጠየቅ እንደምንወጣ ነገርናቸው። አዲስ አበባ በዓመት አንዴ ብንሄድ ነው።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው የከተሞቹን ከፍታ ጻፉልኝ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሆነ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንስበታል። ያ 120 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ መቶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ቱርቦ ግን በጭስ ማውጫው በከንቱ ሊወጣ የነበረውን ግፊት ይዞ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክርበታል፤ በዘንጉ ማዶ ያለችው መዘውር ደግሞ አየሩን ጨምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትልካለች። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ትሽከረከራለች ሲሉኝ ማመን አቅቶኝ ደግሜ ጠየቅኳቸው። ስለዚህ የደጋው ስስ አየር ቱርቦ ያለውን መኪና ያን ያህል አይጎዳውም።

በወረቀት ብቻ አልተውንም። ሻጮቹን አስፈቅደው ሁለቱንም መኪኖች አምስት አምስት ሰው ሞልተን ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጣን። ባለቱርቦው ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ያለ ችግር አለፈ፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ለመቅደም ነዳጁን ትንሽ ረገጥ ማድረግ ብቻ በቃው። የመጨረሻውን የማዞር ጉልበቱን፣ 220 ኒውተን ሜትር፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ሌላኛው 156 ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም ለማግኘት እስከ 4,400 ዙር መውጣት አለበት። እንዳሉትም ማርሽ እየቀነሰ፣ እየጮኸ ወጣ። አማቴ ደንግጠው «ምን ሆነ?» ሲሉ መካኒኩ «እማማ፣ አይዞዎት፤ ጩኸቱ ሕመም አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው» አሏቸው።

እስከዚህ ድረስ ቱርቦው አሸንፎ ነበር፤ እኔም ልቤ ወደ እሱ ሄዷል። በማግሥቱ ማለዳ ግን ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ከፈቱ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ጎማ አውልቀው መብራት ሰጡኝና «ጣትሽን አስገቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ዘንጉን ወደ ጎን ሲነኩት ትንሽ ቢነቃነቅ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ግን የለበትም። ይኸኛው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይል ነበር። የመዘውሯ ጠርዝ ግድግዳውን እየነካ የተፋቀበት መሥመር በመብራቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ የሚወስደውን ጎማ ሲያወልቁት ደግሞ ጥቁር ዘይት ጠብ አለ። ስስ የዘይት ወዝ ቢኖር አያሳስብም ነበር፤ ይህ ግን ተጠራቅሟል።

«ይህ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም፤ የዘይት ረሃብ ነው» አሉን። የቱርቦ ዘንግ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ወይም መኪናው ዳገት ወጥቶ ቱርቦው እንደጋለ ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ፣ ውስጥ የቀረው ዘይት አርሮ ከሰል ይሆናል። ደንገጎ አናት ላይ ደርሶ ቁልፉን ወዲያው ማጥፋት የብዙዎቻችን ልማድ ስለሆነ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም፦ ቱርቦ ያላችሁ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትረግጡት አቆዩት፤ ከዚያ አጥፉ።

የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራም አለበት። ቱርቦ አየር ሲጨምቅ ያሞቀዋል፤ ኢንተርኩለሩ ያን የሚያቀዘቅዘው በውጭው አየር ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የእኛ የውጭ አየር ራሱ እሳት ነው። ነዳጁ በሙቀቱ ያለ ጊዜው ነዶ ሞተሩ እንዳይንኳኳ የመኪናው ኮምፒውተር ጉልበቱን ይቀንሳል። ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልተገጠመ ደግሞ አሸዋው የመዘውሯን ጥርስ ይበላዋል።

በመጨረሻ ለእኛ ቱርቦ የሌለውን መረጡልን፤ እኛም ገዛነው። ድክመቱንም አልሸሸጉንም። ራዲያተሩ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፣ የፊት ፍሬን ሸራው አልቆ ነበር፣ ካንዴላዎቹም መቀየር ነበረባቸው። ሁሉንም ጽፈው ስለሰጡን ከሻጩ ጋር ስንደራደር ወረቀቱ ጠቀመን። ባለቱርቦውን ብንገዛ ቱርቦ የመቀየሩን ሥራ የሚያገኙት እሳቸው እንደነበሩ ልብ በሉልኝ።

ይህን ያነበበ ሰው መካኒኩ ቱርቦ ይጠላሉ እንዳይል አንድ ነገር ልጨምር። ሐረር የምትኖር ባልደረባዬ በእኔ ጥቆማ ሄዳ ነበር። እሷ በሥራዋ ምክንያት በጭሮ በኩል አዲስ አበባ የምትመላለስ ናት፤ ያገኘችው ባለቱርቦ መኪና ደግሞ የዘይት ቅያሬው ሁሉ በደረሰኝ የተያዘ ነበር። ዘንጉን ፈትሸው፣ ጭሱን አይተው «ያለ ሐሳብ ግዢው» አሏት። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት ሳትለውጥ፣ በአገራችን አቧራ ምክንያት ግን መጽሐፉ ከሚለው ኪሎ ሜትር ቀደም ብላ እንድትቀይር አስጠነቀቋት። ሰውዬውን የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ ከእሳቸው ዘንድ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ይዞ አይወጣም።

ለሙሉ ፍተሻ የጠየቁን ገንዘብ ከአንድ ሳምንት አስቤዛችን ያነሰ ነው። ጨምረን ልንሰጣቸው ብንሞክርም አልተቀበሉም። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። እናቴም ሐረር ሆና በየቅዳሜው ትመርቅዎታለች።

ጋራዣቸውን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በእሳቸው ፈቃድ አድራሻውን እሰጣለሁ። መኪናውን ይዛችሁ የምትሄዱት ማለዳ ይሁን። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቃችሁ» ቢላችሁ እምቢ በሉ፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ ጭስና ድምፅ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አይገኝም። የአገልግሎት ደረሰኝ ካለ አብራችሁ ውሰዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። እሑድ አይሠሩም። በታኅሣሥ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ ዳገት የሚወጣው ሁሉ ፍሬኑን ለማስፈተሽ ስለሚሰለፍ ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ።