«4ኬ የፓኬጁ ስም ነው» አሉኝ፤ የሠርግ ካሴት ያላችሁ ተጠንቀቁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የሠርግ ካሴት ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ ካሴታችሁን ለማንም እንዳትሰጡ። ከደሴ ፒያሳ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ «ተው፣ ስኳርህ ይነሳል» እያለችኝ ነው የምጽፈው።

ካሴቴን ወደ ዲስክ እንዲቀይርልኝ የሰጠሁትን ቤት ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ትልቅ የሙሽራ ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ «ሠርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ልደት እንቀርጻለን» ይላል። ከዚያ በታች በብልጭልጭ ወረቀት «የድሮ ካሴትዎን ወደ 4ኬ አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ እንቀይራለን» የሚል አለ። 4ኬ እጅግ የጠራ ምስል ማለት ነው፤ ብሉሬይ ደግሞ ከዲቪዲ የበለጠ የሚይዝ ዲስክ። ስትገቡ ፀጉሩን ጄል የተቀባ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አቤት ጋሼ» ይላችኋል። በቃ እሱ ቤት ነው።

ካሴቶቼ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ኢ-180፣ አንዱ ሦስት ሰዓት የሚይዘው። ሠርጌ በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ ሐይቅ፣ አባቴ ግቢ ነበር። ካሜራማኑ ከደሴ ነው የመጣው፤ ካሜራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ሰውን ሁሉ ዓይን የሚያስጨፍን መብራት ይዞ። ካሴቱ ውስጥ አባቴ አለ። ሲመርቀን። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ዴካችን፣ ካሴት ማጫወቻው፣ ከእሱም በፊት ነው የሞተው። ስለዚህ ያን ምርቃት ካየሁት እጅግ ቆይቷል።

ልጁ ሁለት ዋጋ ነገረኝ። ተራ ዲቪዲ፣ ለአንድ ካሴት 700 ብር። «4ኬ ብሉሬይ ኳሊቲ» 3,500 ብር። ልዩነቱን ስጠይቀው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። አንድ ሙሽራ በግራ ደብዝዛ፣ በቀኝ ጠርታ። «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ተጽፎበታል። «አብሽር ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ካሴቱን ያምጡልኝ» አለኝ። አብሽር! እናቴ ስታመም የምትለኝን ቃል።

አሁን ሳስበው ሙሽራዋ የዘንድሮ ናት። ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ፣ ጥፍሯ ሳይቀር የዘንድሮ ነው። በካሴት ተቀርጻ አታውቅም። የጠራ ቪዲዮዋን አደብዝዘው «በፊት» ብለው ነው የለጠፏት። እኔ ይህን እያየሁ 7,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ሳላነብ ኪሴ ከተትኩ።

የሚያቃጥለኝ ብሩ ብቻ አይደለም። እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ከ1984 እስከ 1987 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ካሴት አከራይ ነበርኩ። ሁለት ዴክ በኬብል አገናኝተን፣ በአንዱ እያጫወትን በሌላው እንቀዳ ነበር። የቅጂ ቅጂ፣ የቅጂው ቅጂ። ቀዩ ቀለም ከተዋናይዋ ከንፈር አልፎ አገጯ ድረስ ይፈስሳል። እኛ ግን ጀርባው ላይ «ማስተር ኮፒ» ብለን በወፍራም እስክሪብቶ እንጽፍበታለን። አንድ አስተማሪ ደንበኛ «ማስተሩን ከየት አመጣችሁት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ከአዲስ አበባ» አልኳቸው። አመኑኝ። ምናልባት ይህ የእሳቸው ዕዳ ይሆናል።

ዴካችን ላይ ደግሞ «4 ሄድ» የሚል ተለጥፎበት ነበር። ሄድ ካሴቱን የምታነበዋ የዴኩ ክፍል ናት። ሰው «ባለ አራቱ ያለበት ቤት» እያለ ይመጣልናል። ሁለቱ ትርፍ ሄዶች በዋናነት የሚጠቅሙት ካሴቱ በዝግታ ሲቀዳ፣ ወይም ምስሉን ቀጥ አድርገህ ስታቆመው ነው። ተራውን ፊልም በተራው ፍጥነት ለሚያይ ሰው ያን ያህል ለውጥ የለውም። ይህን እያወቅኩ «በአራቱ ነው የምናጫውተው» እል ነበር። ያኔ በ4 ሄድ ሰው አታለልኩ፣ ዛሬ በ4ኬ ተታለልኩ።

ነገሩ ከእኔም በፊት የነበረ ነው። ሶኒ ቤታማክስ የሚባለውን የቪዲዮ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ። በዓመቱ ጄቪሲ ቪኤችኤስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ካሴት ይዞ መጣ። ቤታ «የእኔ ምስል ይጠራል» አለ፤ ጥቂትም ቢሆን እውነት ነበረው። ግን የመጀመሪያው የቤታ ካሴት አንድ ሰዓት ነው የሚቀዳው፣ ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት። አንድ ፊልም በአንድ ካሴት የሚያልቅለትን ማን ይጠላል? ፉክክሩ ሲከር ቃሉ በዛ። በ1985 ቪኤችኤሶቹ «ኤችኪው»፣ ሃይ ኳሊቲ ለማለት፣ የሚል ፊደል ለጠፉ። ቤታም በዚያው ዓመት «ሱፐር ቤታ» ሆነ። ካሴቱ ያው ካሴት ነው፤ ዴኩ ውስጥ ትንሽ ነገር አሻሽለው ነው። በ1988 ሶኒ ራሱ ቪኤችኤስ ዴክ መሥራት ጀመረ። «ሱፐር» የተባለውን አምኖ የገዛው ሰውዬ ሱፐር ካሴቱን ታቅፎ ቀረ።

ከዚያ ፉክክሩ ወደ ዲስክ ዞረና የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲና የእነ ሶኒ ብሉሬይ ተፋጠጡ። ኤችዲ ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 15 ጊጋባይት ይይዛል፣ ብሉሬይ 25። ሁለቱም «እውነተኛው ኤችዲ እኔ ነኝ» ሲሉ ከረሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የካቲት ላይ ቶሺባ እጁን ሰጠ። በዚያን ሰሞን ነው ቴሌቪዥን ላይ «ኤችዲ ሬዲ» የሚል ምልክት የበዛው። ጎረቤቴ ልጇ ከዓረብ አገር በላከችላት ቴሌቪዥን ላይ ያን ምልክት ፕላስቲኩን ሳትልጥ ዓመት አቆየችው። ምልክቱ 720 መስመር ላለው ስክሪንም ይሰጣል፤ ሙሉ የሚባለው ኤችዲ ግን 1,080 ነው። «ዝግጁ ነኝ» ነው ያለው እንጂ «ሙሉ ነኝ» አላለም። ለጎረቤቴ ይህን ያስረዳኋት እኔ ነኝ፣ ሊቁ።

ዲስኩን ለቤተሰቡ ወዳሳየሁበት እሁድ ልመለስ።

እናቴ ከሐይቅ መጥታለች። እህቶቼም አሉ። ቡናው ቀርቦ ፈንዲሻው ተበትኗል። ዲስኩን አሮጌው ዲቪዲ ማጫወቻችን ውስጥ ከተትኩት፤ ወዲያው ሠራ። «አያችሁ፣ ብሉሬይ እኮ ነው፣ በዚህም ይሠራል» ብዬ ተኩራራሁ። ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ወደ ሲኒው ተመለሰ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

መጀመሪያ ፊቶቹ መጡ። ሁሉም ሻማ የተቀባ ይመስላል። አክስቴ መጨማደድ የለባትም፣ አፍንጫም የላትም ማለት ይቻላል። የሚስቴ ቀሚስ ጥለት ቀልጦ አንድ ወፍራም መስመር ሆኗል። «ኳሊቲው ነው፣ ዓይናችን እስኪለምደው ነው» አልኩ። አሁንም እኔው ነኝ የምከራከርላቸው።

ከዚያ አባቴ ተነሳ።

ያን ቦታ በልቤ አውቀዋለሁ። ዳሱ መሐል ይቆማል። ጋቢውን ያስተካክላል። ሁለት መዳፉን ደረቱ ፊት ይከፍታል፣ ውኃ እንደሚቀበል ሰው። ጣቶቹ የገበሬ ናቸው፣ አንዱ ጥፍሩ በማጭድ የተሰነጠቀ። «ውለዱ ክበዱ» ሲል መዳፉን ከፍ ያደርጋል፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ግማሹ «አሜን»፣ ግማሹ «አሚን» ይላል።

ድምፁ መጣ። «ውለዱ ክበዱ» አለ። አሜኑም አሚኑም መጣ። ስክሪኑ ላይ ግን ጥምጣሙ ከላይ ተቆርጧል፣ ከታች ደግሞ ምስሉ አንገቱ ሥር ያልቃል። እጆቹ የሉም። እጆቹ ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ «4ኬ አልትራ ኤችዲ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ ከቤቱ ስልክ ቁጥር ጋር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አባቴ የሚመርቀው ስልክ ቁጥሩን ይመስል ነበር።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና «እጁስ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እንደገና «እጁን የት አደረጉት?» አለች።

የእህቴ ልጅ ተነስቶ አጠፋውና ዲስኩን አወጣው። ገልብጦ መሐል ያለችውን ቀለበት አሳየኝ። በደቃቁ «ዲቪዲ-አር፣ 4.7 ጂቢ» ይላል። «አጎቴ፣ ብሉሬይ ቢሆን ይሄ ማጫወቻ ጭራሽ አያነበውም ነበር» አለኝ። ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ጨረር ነው። ብሉሬይ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ሐምራዊ ጨረር ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የተኩራራሁበት ነገር ራሱ የመታለሌ ማስረጃ ነበር።

እጆቹ የት እንደሄዱም ነገረኝ። የካሴት ምስል ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው፣ አራት በሦስት። የዛሬ ቴሌቪዥን ሰፊ ነው። እነሱ ጎን ለጎን ጥቁር እንዳይታይ ዙም አድርገው ሞሉት። ይህን «ፉል ስክሪን» ይሉታል። ስክሪኑ ሲሞላ የምስሉ ሩብ ከላይና ከታች ይጣላል። የአባቴ እጅ እዚያ ሩብ ውስጥ ነበር።

ስለ 4ኬውም ወረቀት ላይ አሰላልኝ። ዲቪዲ ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ ነው። 4ኬ 3,840 በ2,160። ሲካፈል ልክ 20 እጥፍ ይመጣል። ስለዚህ ዲቪዲ ላይ ተቀድቶ 4ኬ የሚባል የሠርግ ቪዲዮ የለም። ፋይሉን በፍላሽ ቢሰጡን እንኳ ከሃያ ነጥብ አሥራ ዘጠኙን ኮምፒውተሩ ከራሱ የፈጠረው ነው። ካሴት ደግሞ ከዲቪዲም ያነሰ ነው። የአክስቴ አፍንጫ የጠፋው ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዲስኩንና ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። ያው ልጅ ነው። ካሴቱን ሳመጣ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ዛሬ «አንተ» ሆኛለሁ።

«ፋዘር፣ የድሮ ካሴት እኮ ነው። ምን ጠብቀህ ነው?» አለኝ።

«4ኬ ብላችሁኛል» አልኩ።

«4ኬ የፓኬጁ ስም ነው።»

ደግሜ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ደገመው፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ። ሌላ ፓኬጅም አላቸው፣ ጎልድ የሚባል። «ጎልድ የገዛ ሰው ወርቅ ስጡኝ ይላል?» አለኝ። ከኋላ ኤዲት የምታደርገው ልጅ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር አባባሉ ጥሩ ነው። እኔም ቪዲዮ ቤት እያለሁ ቢመጣልኝ እጠቀምበት ነበር።

«ብሉሬይስ?» አልኩ። ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ በጣቱ አሳየኝ። «ብሉሬይ ኳሊቲ ነው ያልነው። ብሉሬይ አላልንም።» እውነቱን ነው፣ «ኳሊቲ» የምትል አለች፣ ባለማንበቤ የተናቅኩባት። ሬዲ፣ ኳሊቲ፣ ሱፐር። ሰው ክስ ቢያነሳ የሚሸሸጉት ከእነዚህ ቃላት ጀርባ ነው።

ስለ አባቴ እጅ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር። ስልኩን እያየ «ሙሉውን ከፈለግክ እንደገና ነው የሚሠራው፣ ሌላ ክፍያ አለው» አለኝ። መልሼ ሳልናገር ወጣሁ። ሸዋ በር እስክደርስ ታክሲ መያዝ ረስቼ በእግሬ ነው የሄድኩት።

እንግዲህ የምትሰጡ ከሆነ እንዲህ በሏቸው፦ ምስሉን እንዳለ፣ አራት በሦስት፣ ሳትቆርጡ፣ ሳታለሰልሱ፣ ጽሑፍ ሳታሳልፉበት በፍላሽ ስጡኝ። አምስት ደቂቃ አሠርታችሁ ቤታችሁ ቴሌቪዥን ላይ እዩት እንጂ በእነሱ ኮምፒውተር አትፍረዱ። ዋናውን ካሴት በዚያው ቀን ተቀበሉ። ደረሰኙን አንብቡ።

እኔ ካሴቶቹን አስመልሻለሁ፣ እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛቸዋለች። ችግሩ ዴክ ነው። አዲስ የቪኤችኤስ ዴክ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያቆመው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ካስፈለገም ባቲ፣ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ሄዱን በአልኮል የማጽዳት ሙያው አለኝ። ባለ ሁለት ሄድም ይሁን፣ ግድ የለኝም። እናቴ ወደ ሐይቅ የምትመለሰው ሐሙስ ነው።