ሶራሬን ተጫውቼ ያየሁት

ሶራሬን ከጓደኞቼ ጋር ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን በሞባይል መጫወት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ እውነቴን ነው በጣም ወድጄዋለሁ። ሶራሬ የእውነተኛ ኳስ ተጫዋቾችን ዲጂታል ካርድ እየሰበሰብክና እየገዛህ የምትጫወትበት ጌም ነው፣ የሰራው የፈረንሳይ ካምፓኒ ነው፣ እ.ኤ.አ በ2021 ላሊጋ በ2023 ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ፈቃድ ስለሰጡት ካርዱ ላይ የምታየው እውነተኛውን ተጫዋች ከነክለቡ ነው፣ ይሄ ለኛ ለኳስ አፍቃሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። ከካርዶችህ 5 ተጫዋች ትመርጣለህ፣ ከዛ ሜዳ ላይ በሰሩት ልክ ነጥብ ታገኛለህ። በነፃ ካርድ ይጀመራል፣ ዩኒክ የሚባለው ካርድ ግን ለአንድ ተጫዋች በሲዝን 1 ብቻ ነው የሚወጣው፣ ዋጋውን ተዉት።

እኔን የሚያሳስበኝ የፈቃዱ ነገር ነው። ኤፍ 1 ዴልታ ታይም የሚባል የመኪና ውድድር ጌም ነበር፣ በ2019 አንድ ዲጂታል መኪና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጦበታል፣ በ2022 የፎርሙላ 1 ፈቃድ ሳይታደስ ቀረና ተዘጋ። ለባለመኪኖቹ የሌላ ጌም ምትክ ተሰጣቸው፣ ግን እነሱ የገዙት እኮ ፎርሙላ 1ን ነው! ብሎክቼኑ ላይ፣ ማለትም የገዛኸው ያንተ መሆኑ በሚመዘገብበት ዲጂታል መዝገብ ላይ፣ ስምህ ቢኖርም የሚነዳበት ጌም ከሌለ ምን ያደርግልሃል?

ስለዚህ ወገኖቼ በነፃው ካርድ ተጫወቱ፣ በጣም ደስ ይላል፣ የቤት ኪራይ ብር ግን እንዳታስገቡበት። ሊጎቹም ፈቃድ ሲሰጡ ውሉ ሲያልቅ የገዛው ሰው ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው በግልፅ ቢነግሩን።