ባለ ሁለት መጎተቻ የወገብ ቀበቶ፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ለወገብ ሕመም በየፋርማሲውና በየሕክምና ዕቃ መደብሩ ከሚሸጡት ቀበቶዎች ለዋጋው የሚበጀው ባለ ሁለት መጎተቻው ነው። ዋናው ቀበቶ ከፊት በቬልክሮ (ሲጫኑት በሚጣበቅ ጨርቅ) ይያያዛል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ላስቲኮች ደግሞ ከላይ ተጎትተው ያጠብቁታል። ስለዚህ ሙሉውን ሳይፈቱ ሲቀመጡ ላላ፣ ሲነሡ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ባለ ነጠላው ይህን አይፈቅድም።

መጠኑን በሱሪ ቁጥር አይምረጡ። ቆመው በልብስ ሰፊ ሜትር እምብርትዎ ላይ ዙሪያውን ይለኩና ካርቶኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። የአንዱ ፋብሪካ ላርጅ ለሌላው ሚዲየም ሊሆን ስለሚችል ሴንቲ ሜትሩን እንጂ ፊደሉን አይመኑ። ከመክፈልዎ በፊት ታጥቀው ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ጀርባው ላይ ለድጋፍ የገባው ብረት ጎንዎን ከወጋ ወይም የፊቱ ጠርዝ ጭንዎን ከተጫነ ወርዱ በዝቶብዎታል። ብረቶቹን ከኪሳቸው አውጥቶ ማየትም አይከፋም። ጠፍጣፋ ከሆኑ የወገብን ስርጉድ እንዲከተሉ በእጅ ጎበጥ ይደረጋሉ። ከፕላስቲክ የተሠሩት ግን ተመልሰው ይቀናሉ።

የሚታጠቁት በስስ ካናቴራ ላይ፣ ቆመው ነው፤ የታችኛው ጠርዝ የዳሌ አጥንትን ጫፍ ይሸፍን። ከውስጥ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ጭን ከደነዘዘ ከልክ በላይ ጠብቋል። እየተንሸራተተ ደረት ሥር የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑ ከፍ ተደርጎ ስለታሰረ ነው።

ነገር ግን ሻጩ እንደሚለው አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም፤ የሚመክረው የአካል እንቅስቃሴን ነው። ስለዚህ ቀበቶው ለሥራ ሰዓት ይሁን፦ ልብስ ሲያጥቡ፣ በኮረኮንች መንገድ በሚኒባስ ሲሄዱ፣ አንድ ሁለት ሰዓት። ሲጨርሱ ይፍቱት፤ ታጥቆ መተኛት አያስፈልግም። ደግሞም ሸክም አይሸከምልዎትም። 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብሎ በአንድ እጅ ከማንሣት፣ ውሃውን በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ፣ ጉልበትን አጥፎ በሁለት እጅ መያዝ ወገብን ከማንኛውም ቀበቶ በላይ ያሳርፋል።

በቀሪው ጊዜ በእግር ይሂዱ፤ 10 ደቂቃም ቢሆን ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር ነው። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት፣ እስከ 10 ሰከንድ ቆይቶ መቀያየርም ጥሩ ነው። እግሩ ሲነሣ ወገብ ከተሰረጎደ ከፍታውን ይቀንሱ።

ማግኔት ስላለው «ራሱ ያሞቃል» ለሚባለው ቀበቶ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ሙቀት ካማረዎት የሙቅ ውሃ ከረጢት በፎጣ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ ማስደገፍ ይበቃል።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከከዳ ቀበቶውን ትተው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከታከሉበትም ሳይቆዩ ይመርመሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ እንዲህ ሊጀምር ይችላል።

የቀበቶው ዕድሜ ጠላት ከጋቢና ከነጠላ የሚረግፍ የክር ብናኝ ነው፤ ቬልክሮው ውስጥ ገብቶ እንዳይዝ ያደርገዋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያራግፉት። ሲታጠብ ብረቶቹ ይውጡ፣ ቬልክሮው ይዘጋ፤ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል።